ፖስታውን ዳኛው ይክፈተው

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ጊዜ የሌለው ማለፍ ይችላል፣ አልቀየምም።

ባለፈው ሳምንት ስለ መረጃ ነፃነት ሁለት መስመር ለጥፌ ነበር። ከሥሩ አንድ ያስተማርኩት ልጅ ኮሜንት ጻፈ። ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል፤ ዛሬ የሕግ ዲግሪ ያለው ትልቅ ሰው ነው። እንዲህ ይላል፦ «ቲቸር፣ ሰው ዘይት ባጣበት ጊዜ የመረጃ ነፃነት ምን ያደርግለታል? ደግሞስ እንባ ጠባቂ ተቋም እያለ ፍርድ ቤትን እዚህ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው?» ብዙ ሰው ላይክ አደረገለት። ስሞቹን ሳይ ግማሾቹን ሳጉሬ ክፍል ውስጥ ሥነ ዜጋ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ።

እንግዲህ ጥፋቱ በከፊል የእኔ ነው ማለት ነው። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 29 አስሸምድጃችኋለሁ። ማንኛውም ሰው መረጃ የመጠየቅና የመቀበል መብት አለው፣ አራት ነጥብ። ፈተና ላይ ጽፋችሁ ማርክ አግኝታችኋል። «ቢከለክሉህስ ወዴት ትሄዳለህ?» የሚለውን ግን አላስተማርኳችሁም። እውነቱን ልናገርና እኔም ያኔ በቅጡ አላውቀውም ነበር። ዛሬ ያንን ሳይጨረስ ደወል የተደወለበትን ክፍለ ጊዜ ልጨርስ።

ከአንዲት እናት ልጀምር። «አዴ» እያልን ነው የምንጠራቸው። ገብስና ስንዴ እያፈራረቁ የሚዘሩባት፣ ከግማሽ ሄክታር የማትበልጥ ማሳ ነበረቻቸው። ማሳዋ ለልማት ተፈለገችና ተወሰደች። በየትኛው ወረዳ፣ በየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም። አንድን ቢሮ ለማሳጣት አይደለም የምጽፈው፤ ነገሩ በብዙ ቦታ ያለ ነው።

አዴ «ለምን ተወሰደብኝ?» አላሉም። «ልማት ከሆነ ይሁን» ነው ያሉት። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ይህን ብር እንዴት አድርጋችሁ ቆጠራችሁት?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ግን ሕጉን እዩት። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ከገጠር መሬቱ በዘላቂነት ለሚነሳና ተመሳሳይ ምትክ መሬት ላላገኘ ባለይዞታ፣ ከመነሳቱ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው ይወሰድና በ15 ይባዛል። ስለዚህ የካሳው ነፍስ ያለችው አንዲት ወረቀት ላይ ነው። የትኞቹ ሦስት ዓመታት ተያዙ? በከፍተኛው ዓመት ስንት ኩንታል ተመዘገበ? ኩንታሉ በየትኛው ዋጋ ተሰላ? ኮሚቴው በዚያች ወረቀት ላይ 2 ኩንታል ቢያጎድል፣ በ15 ሲባዛ 30 ኩንታል ጎደለ ማለት ነው። 30 ኩንታል ገብስ ብቻዋን ለምትኖር እናት ምን ማለት እንደሆነ ለአርሲ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አዴ ሄዱ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።» ሌላ ቀን ሄዱ። «ፋይሉ የያዘው ልጅ መስክ ወጥቷል።» ሦስተኛ ቀን ሄዱ። «እናቴ፣ የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ እኮ የውስጥ ሰነድ ነው፣ ለውጭ ሰው አይሰጥም።» አዴ ቆም ብለው ምን አሉ መሰላችሁ? «ማሳው የኔ፣ ገብሱ የኔ፣ ያጨድኩት እኔ። ታዲያ የውጭ ሰው እኔ ነኝ?»

አየህ ልጄ፣ ዘይት ያልከው ይኸው ነው። ለአዴ የመረጃ ነፃነት ማለት የጋዜጠኞች ወግ አይደለም። የዘይት፣ የበርበሬ፣ የልጅ ልጅ ደብተር መግዣ ነው። መብቱ የተጻፈው ለተማረ ሰው ቢመስለንም፣ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ግን ሌላ ጉልበት ለሌለው ሰው ነው። ባለ ሀብቱማ ወረቀቱን በስልክ ያስመጣዋል።

አሁን ወደ ሕጉ ልውሰዳችሁ፣ አጭር ነው።

የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የሚባል አለ። በ2013 አዲስ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ፣ ቁጥር 1238/2013፣ ሲወጣ የፕሬሱን ክፍል ተካው፤ መረጃ ስለማግኘት የሚናገረው ክፍል ግን እንዳለ ቀጠለ። «ያ አዋጅ ተሽሯል» የሚላችሁ የቢሮ ሰው ካለ ይህንን ንገሩት። አዋጁ ለፌዴራል መሥሪያ ቤት ብቻ የወጣ አይደለም፤ በክልል በየትኛውም እርከን ያለን የመንግሥት አካል ያጠቃልላል። ወረዳ ጽሕፈት ቤትም ውስጡ አለ።

መሰላሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጥያቄህን ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ታቀርባለህ። እሱ በ30 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። ከከለከለህ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቤት ትላለህ። እሱም ከከለከለህ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም። እዚያም ካልረካህ ለፍርድ ቤት። አራት ደረጃ። የማይሰጡ መረጃዎችም ተዘርዝረዋል፦ የሌላ ሰው የግል ገመና፣ የሦስተኛ ወገን የንግድ ምሥጢር፣ የአገር ደኅንነትና መከላከያ፣ የካቢኔ ሰነድና የመሳሰሉት። ግን መረጃው ቢወጣ ሕዝብ የሚያገኘው ጥቅም ከጉዳቱ ከበለጠ ይሰጥ የሚል ድንጋጌም አለ። ወረቀቱን ብቻ ካየህ ከብዙ አገሮች ሕግ የሚያንስ አይደለም።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። መሰላሉ አለ፣ የመጨረሻውን ደረጃ ግን የሚረግጠው የለም። ሰሞኑን ካስተማርኳቸው ልጆች ውስጥ ዛሬ ጠበቃ፣ ዐቃቤ ሕግና ዳኛ የሆኑትን እየደወልኩ ጠየቅኩ። «የመረጃ ነፃነት አቤቱታ ይግባኝ የሚል መዝገብ ይዛችሁ ታውቃላችሁ?» አንዱም «አዎ» አላለኝም። አንዷ እንዲያውም ስቃ «ቲቸር፣ የመሬት ድንበርና የፍቺ መዝገብ መቼ ፋታ ሰጠኝ?» አለችኝ። አልፈርድባትም። ግን አስቡት፣ አዋጁ ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው? በ2000 የተወለደ ልጅ ዛሬ ለዩኒቨርሲቲ ደርሷል።

አሁን የአዴን ቀን ቆጠራ ላሳያችሁ፤ ነገሩ የሚገባችሁ እዚህ ላይ ነው። በካሳ አዋጁ ቅር ያለው ሰው ለአቤቱታ ሰሚ አካል የሚያመለክተው በ30 ቀን ውስጥ ነው። በመረጃ አዋጁ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ወረቀቱን ለመስጠት ወይም ለመከልከል 30 ቀን አለው። ወረቀቱን ሳታይ ምን ብለህ አቤት ትላለህ? ወረቀቱን ስትጠብቅ ደግሞ የአቤቱታው ጊዜ ያልፍብሃል። በአንድ ቢሮ ያለው ሰዓት በሌላው ቢሮ ያለውን ሰዓት ይበላዋል። ማንም ሰው ክፉ መሆን አያስፈልገውም። ዝም ማለት ብቻ ይበቃል፣ ቀኑ ሥራውን ይሠራል። በአዴ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። በቃል ሲመላለሱ አሥራ ምናምን ቀን አለፈ፤ እኔ ሰምቼ ጥያቄውን በጽሑፍ ስናስገባ የካሳው አቤቱታ ሊያልቅ ትንሽ ቀን ቀርቶት ነበር። ለእሱም የደረሰልን የለም። ለኃላፊው ስንጽፍ በመጨረሻ ሁለት መስመር ደብዳቤ መጣ፦ የተጠየቀው ሰነድ የውስጥ አሠራር ስለሆነ መስጠት አይቻልም። በየትኛው አንቀጽ? አይልም። ማኅተሙ ግን ጥሩ አድርጎ ተመቷል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ልምጣ። «እንባ ጠባቂ እያለ ፍርድ ቤት ምን ያደርጋል?»

እኔ እንባ ጠባቂ ተቋምን አልንቅም። ስሙን ራሱ እወደዋለሁ፤ ለመሥሪያ ቤት ከወጡ ስሞች ሁሉ ሰው ሰው የሚሸት ስም እሱ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 እንዲቋቋም አዘዘ፣ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ተቋቋመ፣ በ2011 ደግሞ አዋጁ ተሻሻለ። አንድ ገበሬ ጠበቃ ሳይገዛ፣ ዳኝነት ሳይከፍል፣ አቤት የሚልበት ቦታ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ይኑርልን፣ ይጠንክርልን።

ግን ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ የእንባ ጠባቂ ዋና መሣሪያው መርምሮ የመፍትሔ ሐሳብ ማቅረብ፣ ማግባባት፣ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት ማድረግ ነው። የሚያፍር መሥሪያ ቤት ላይ ይሠራል። የማያፍር ሲያጋጥምስ? ሁለተኛውን ደግሞ ኮሜንትህ ጨርሶ አላየውም። ተቋሙ ራሱ ቢሳሳትስ? «መሥሪያ ቤቱ ትክክል ነው፣ ሰነዱ አይሰጥም» ብሎ ቢወስንስ? እዚያም የሚሠራው እንደኛው ሰው ነው፣ መላእክት አይደሉም። ስለ መብትህ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው፣ ውሳኔው በሌላ የማይታይበት አንድ ቢሮ ብቻ ከሆነ፣ ያ ቢሮ የፈለገውን ያህል ደግ ቢሆን መብትህ በደግነቱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 በፍርድ ሊወሰን የሚገባን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም የመዳኘት ሥልጣን ላለው አካል አቅርበህ ውሳኔ የማግኘት መብት ሰጥቶሃል። አንቀጽ 79 የዳኝነት ሥልጣን የፍርድ ቤቶች ብቻ ነው ይላል። የመሰላሉ አራተኛ ደረጃ የተሠራው ለጌጥ አይደለም።

እሺ፣ ፍርድ ቤት ሄድን እንበል። ሁሉም ነገር የሚወሰነው ዳኛው ምን ያያል በሚለው ላይ ነው። ዳኛው የክልከላውን ደብዳቤ ብቻ አይቶ፣ «ኃላፊው ምሥጢር ነው ብሏል፣ ተቋሙም ተስማምቷል፣ እኔ ምን አገባኝ» ብሎ መዝገቡን ከዘጋ፣ ሄድን ማለት ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። ማኅተምን በማኅተም ማጽደቅ ነው። ዳኛው ማየት ያለበት ደብዳቤውን ሳይሆን ሰነዱን ራሱን ነው። መሥሪያ ቤቱ ቃለ ጉባኤውን በታሸገ ፖስታ ለዳኛው ያምጣ፤ ዳኛው በጽሕፈት ቤቱ ለብቻው ከፍቶ ያንብብ። የጦር ዕቅድ ካገኘበት ይመልሰው። የአዴን ገብስ ካገኘበት ለአዴ ይስጥ።

ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካኖች የመረጃ ነፃነት ሕግ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ፓትሲ ሚንክ የተባለች የምክር ቤት አባልና ጓደኞቿ ስለ አንድ የኑክሌር ሙከራ ሰነድ ጠይቀው ክስ ደረሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ1973 «ምሥጢር» የሚል ማኅተም ካለበት ዳኛ ከማኅተሙ ጀርባ ገብቶ ማየት አይችልም አለ። ልክ እንደኛው! ኮንግረሱ ግን ዝም አላለም። በዓመቱ፣ በ1974፣ ዳኛው ሰነዱን በዝግ ማየት ይችላል ብሎ ሕጉን አሻሻለ። ፕሬዚዳንት ፎርድ አልፈርምም ብሎ መለሰው፣ ኮንግረሱ መልሶ በድምፅ አሸንፎ አጸደቀው። ያን ጊዜ እነሱም ከሶቪየት ጋር ተፋጠው ነበር። አገራቸው አልፈረሰችም።

እንግሊዝን እዩ። ሮብ ኢቫንስ የተባለ የጋርዲያን ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ2005 ልዑል ቻርልስ ለሚኒስትሮች የጻፏቸውን ደብዳቤዎች ጠየቀ። ተከለከለ። እያለ እያለ በ2012 ጉዳዩን ያየው ከፍተኛ ትሪቡናል «ይሰጠው» ብሎ ወሰነ። መንግሥት ምን አደረገ? የመንግሥቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ውሳኔውን በራሱ ፊርማ ሻረው። ሕጉ እንዲህ ያለ ሥልጣን ሰጥቶኛል ብሎ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በመጋቢት 2015 አምስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ሽረቱ ዋጋ የለውም ተባለ። የዋናዎቹ ዳኞች ነጥብ ቀላል ነው፦ አስፈጻሚው ፍርድ ቤት በሰጠው ውሳኔ ስላልተስማማ ብቻ ሊሽረው አይችልም። ደብዳቤዎቹ ወጡ። ስለ ወተት ገበሬዎች፣ ስለ አንድ የባሕር ዓሣ፣ ስለ ሠራዊቱ ሄሊኮፕተር ነበር የሚያወሩት። አሥር ዓመት ሙሉ እንደ አገር ምሥጢር የተጠበቀው ይኼ ነው። ዙፋኑም አልተነቃነቀም፤ ሰውዬው በኋላ ነገሡ።

«ነጮቹን ተውልን» ካላችሁ ጎረቤት እንሂድ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ካቲባ ኢንስቲትዩት የሚባል ድርጅት መንግሥት በምርጫ ዓመት ላይ ስለ ሥራው ያስነገራቸው ማስታወቂያዎች ስንት እንደወጣባቸው፣ ማን እንደፈቀዳቸው ጠየቀ። መልስ የለም። ናይሮቢ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ በዚያው ዓመት መረጃው እንዲሰጥ አዘዘ። ሞያሌን ተሻግሮ ያለ አገር ነው እኮ የማወራላችሁ፣ ማርስ አይደለም።

አሁን የሚመጡትን ክርክሮች አውቃቸዋለሁ፤ አንድ በአንድ እንይ።

«የአገር ደኅንነትስ?» ፖስታው የታሸገው ለዚህ ነው። ዳኛ አገሩን አይወድም ያለው ማነው? ደግሞ ሁሉ ወይም ምንም መሆን የለበትም። በቃለ ጉባኤው ውስጥ የሌሎች ገበሬዎች ስምና ሒሳብ ካለ ይሸፈን፣ የቀረው ይሰጥ። የስንዴና የገብስ ኩንታል ግን ከመቼ ወዲህ ነው ወታደራዊ ምሥጢር የሆነው?

«ፍርድ ቤቱ በመዝገብ ተጨናንቋል።» እውነት ነው። ግን አስቡት፣ ሦስት አራት ጥርት ያለ ፍርድ ቢሰጥ፣ አምስተኛው ባለጉዳይ ፍርድ ቤት መምጣት አያስፈልገውም። ኃላፊው «ብከለክል ዳኛ ፊት ቆሜ አስረዳለሁ» ብሎ ካሰበ ወረቀቱን እዚያው ቢሮ ይሰጣል። መዝገብ የሚያበዛው የሚከለክል እንጂ የሚጠይቅ አይደለም።

«ዳኛውስ ቢሆን ከማን ነው የሚበላው?» ይህን የሚሉኝ ብዙ ናቸው፣ አላሾፍባቸውም። መልሴ ይኼ ነው፦ ቢያንስ ዳኛ ምክንያቱን ጽፎ በስሙ ይፈርማል። ስህተት ከጻፈ ስህተቱ ይቀመጣል፣ ይግባኝ ይባልበታል። ይግባኙ እያደገ ፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ሊደርስ ይችላል። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ ሰበር ችሎቱ ቢያንስ አምስት ዳኞች ተሰይመው የሚሰጡት የሕግ ትርጉም በየትኛውም እርከን ያለን የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤት ያስገድዳል። ይህ ማለት ምን ማለት ነው? ሺህ መዝገብ አያስፈልገንም። አንድ ሰው፣ አንድ ቃለ ጉባኤ፣ አንድ ጠንካራ መዝገብ፣ እስከ መጨረሻው ቢሄድ ከሞያሌ እስከ መተማ ላለ ባለጉዳይ ሁሉ መንገድ ይከፍታል። ከሳጉሬ ቢነሳ ደግሞ ደስ ይለኛል። ሩጫውን ከዚህ መንገድ ጀምረው ዓለም ያሸነፉ ልጆች ጎረቤት ናቸው፤ አሰላም በቆጂም ቅርብ ነው።

የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጁን የምታነሱልኝ ልጆችም አላችሁ። አዎ፣ አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ትልቅ እርምጃ ነው። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ውሳኔውን በምክንያት እንዲያስደግፍ ያስገድዳል፣ ውሳኔውም መመሪያውም በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲከለስ በር ከፍቷል። ተመዝግቦ ለሕዝብ ያልተለጠፈ መመሪያ ተፈጻሚ አይሆንም ይላል። «መመሪያው አይፈቅድም።» «የቱ መመሪያ?» «የውስጥ ነው።» የምትለዋን ቧልት በፌዴራል ደረጃ ዘግቷታል። ግን የፌዴራል አዋጅ ነው፤ የወረዳን ጽሕፈት ቤት በቀጥታ አያስርም። አዴ ደግሞ ጉዳያቸው ወረዳ ነው። ለእሳቸው የቀረው በር ያው 590/2000 ነው፣ የበሩም ቁልፍ ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ ያ በር ካልተከፈተ ከተማ ያለው ሰው ሁለት በር አለው፣ ገጠር ያለችው እናት ምንም የላትም።

ከፍርድ ቤት የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰነዱን ራሱን አይቶ ይወስን። ሁለተኛ፣ ማስረዳት ያለበት የከለከለው እንጂ የጠየቀው አይሁን፤ ያላየሁትን ወረቀት ለምን ሊሰጠኝ እንደሚገባ እንዴት ላስረዳ? ምክንያትና አንቀጽ የሌለው ክልከላም እንደ ክልከላ አይቆጠርለት። ሦስተኛ፣ ዝምታን እምቢታ ብሎ ይቁጠር፣ ቀጠሮውንም ያሳጥር። ከዓመት በኋላ የሚሰጥ መረጃ የከብቱ ቀብር ላይ የሚደርስ ሐኪም ነው።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር አባቶቻችን። አሁንም ልባችን ውስጥ አለች ይቺ ነገር። ኃላፊ ከፈረመ አበቃ እንላለን። ግን እነዚያው አባቶች «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ እግራቸው ቀጥ ይል ነበር። የኛ የአርሲ እናቶች ደግሞ ሲንቄ አላቸው። መብታቸው ሲነካ ሲንቄያቸውን ይዘው ከወጡ፣ ሽማግሌ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም፤ ተቀምጦ፣ በአደባባይ፣ ሁለቱንም ወገን መስማት አለበት። በዛፍ ሥር በሚደረግ ሽምግልና «ይህ የውስጥ ሰነድ ነው» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ስለዚህ የውሳኔን ምክንያት ጠይቆ መስማት ከውጭ የመጣብን ልማድ አይደለም። ከዛፍ ሥር ተነስተን ቢሮ ስንገባ ነው የጠፋን።

አሁን ደግሞ ለራሳችን። ከግማሽ በላይ ጥፋቱ እኛ ጋ ነው። በቃል እንጠይቃለን፣ በቃል እንከለከላለን፣ በቃል እናማርራለን፣ ቤታችን እንገባለን። ፍርድ ቤት ደግሞ ሐሜት አይሰማም። እባካችሁ እንዲህ አድርጉ፦

ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አድርጉት። «መረጃ ይሰጠኝ» አትበሉ፤ «በዚህ ቀን የተያዘው የካሳ ግምት ቃለ ጉባኤ ቅጂ ይሰጠኝ» በሉ። ሁለት ቅጂ አዘጋጁ፣ አንዱ ላይ መዝገብ ቤቱ ገቢ ያደረገበትን ቁጥርና ቀን አስመቱ፣ ይዛችሁ ተመለሱ። ቀኑን ቁጠሩ። መልስ ከሌለ ወይም ከተከለከላችሁ ለበላይ ኃላፊው፣ ከዚያ ለእንባ ጠባቂ፣ ከዚያ ለፍርድ ቤት። በየደረጃው ወረቀታችሁን በፎቶ አንሱ። የካሳ ወይም የሌላ ጉዳይ ቀን እያለቀባችሁ ከሆነ ወረቀቱን አትጠብቁ፤ ያላችሁን ይዛችሁ አቤት በሉ፣ «ሰነዱን ጠይቄ ተከልክያለሁ» የሚለውንም እዚያው ጻፉበት። እኔ ይህን ለአዴ በጊዜ አልነገርኳቸውም። ያ የኔ ጸጸት ነው።

ሕዝብ ግንኙነት ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ ልጆቼ፣ ብዙዎቻችሁን አውቃችኋለሁ። ሥራችሁ የኃላፊን ፎቶ መለጠፍ ብቻ አይደለም። አዋጁ የመረጃውን በር የሰጠው ለእናንተ ነው። «አልችልም» ብትሉ እንኳ አንቀጹን ጽፋችሁ በሉ፤ ባለጉዳዩ ቀጥሎ የት እንደሚሄድ ንገሩት።

ጠበቃ የሆናችሁ፣ አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነፃ የሕግ አገልግሎት እንድትሰጡ ይጠብቅባችኋል። ከምትሰጡት ውስጥ አንዱን መዝገብ ለዚህ አድርጉት። አንድ ብቻ። ዳኛ የሆናችሁ፣ እንዲህ ያለ መዝገብ ሲመጣላችሁ «ይኼ ደግሞ ምንድነው» ብላችሁ ወደ ጎን አትግፉት። ፖስታውን አስመጡና ክፈቱት።

አንተ ኮሜንት የጻፍከው ልጅ ደግሞ፣ ተቆጥቼህ አይደለም። ጎበዝ ተማሪ ነበርክ፣ ከኋላ ተቀምጠህ የምትከራከር። አሁንም ተከራከረኝ። ግን አስቀድመህ አንድ ቅዳሜ ሳጉሬ ናና የአዴን ፋይል እይልኝ። ከአሰላ አንድ መኪና ነው። ቡናውን እሳቸው ያፈሉልሃል።

ትናንት ማታ ዝናቡ ጋብ ሲል መጡ። ጭላሎ በጉም ተሸፍኗል፣ ብርዱ የሐምሌን የመሰለ ነው። ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቆሙና «ያቺ ወረቀት መጣች?» አሉኝ። «አልመጣችም አዴ፣ ለእንባ ጠባቂ የሚሄደውን እየጻፍኩ ነው» አልኳቸው። «ከዚያስ?» አሉ። «ከዚያ ፍርድ ቤት።» ትንሽ ዝም አሉና «እዚያ ያለው ሰው ያነባታል?» ብለው ጠየቁኝ።

መልስ አልሰጠኋቸውም። መልሱ እናንተ ጋ ነው፣ ልጆቼ።

ሐሳባችሁን ጻፉልኝ። ተከልክላችሁ የምታውቁ ካላችሁ ታሪካችሁን ንገሩን፣ የሰውና የቢሮ ስም ሳትጠሩ። የሚጠቅመው ሰው ካወቃችሁም ሼር አድርጉት።

ከሳጉሬ፣ ቲቸራችሁ።